ቆሮሶን መለካት፦ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ክበባችን በዚህ ዓመት ያከናወነውን ሥራ ከመዘርዘሬ በፊት አንድ ነገር ግልጽ ማድረግ እፈልጋለሁ። ልጆቹን ይዘን ወደ ሎጎ ሐይቅ መመላለሳችንን እንደ ሽርሽር የቆጠሩ፣ «ዓሣ መብላት ነው የሚማሩት?» ብለው የጠየቁ ወላጆችና ባልደረቦች ነበሩ። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ይህ ሐይቅ ለከተማችንም ሆነ ለኮምቦልቻ ነዋሪ የእረፍት ቀን መዋያ መሆኑ እውነት ነው። ሆኖም በዚያ ዕለት ተጠብሶ የሚቀርበው ቆሮሶ የተባለው ዓሣ በሐይቁ ውስጥ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለና የማጥመጃው ደንብ ምን እንደሚል የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው፤ አባላታችን ግን አጥማጆች ያወጡትን ዓሣ ርዝመት እየለኩ በመዝገብ ሲጽፉ፣ ዓመቱን ሙሉም ይህንኑ ሲጠይቁ ከርመዋል።

የተለመዱት ሥራዎች በዕቅዳቸው መሠረት ተከናውነዋል። ሳምንታዊው ስብሰባ ከፈተና ሰሞን በቀር አልተቋረጠም፤ በክረምት የተተከሉት ችግኞች በበጋው ውኃ ጠጥተዋል፤ በሰልፍ ሰዓትም ስለ ቆሻሻ አወጋገድ ትምህርት ተሰጥቷል።

ወደ ዋናው ጉዳይ ስመለስ፣ ብዙዎቻችን ከጥንት ጀምሮ የነበረ የሚመስለን ቆሮሶ ወደ ሎጎ ሐይቅ የገባው በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ከሌላ ቦታ መጥቶ መሆኑን ተማሪዎቹ ሲያውቁ በጣም ተገረሙ። ሐይቁ ከሐርዲቦ ሐይቅ በሚመጣው የአንከርካ ወንዝ ይመገባል እንጂ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ ያለ ልክ የተጠመደው ዓሣም በቀላሉ አይተካም። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የወጣውም ዓሣ አጠማመድ በሥርዓት እንዲመራ ነው። አዋጁን በክፍል ውስጥ አነበብነው፤ ነገር ግን ልጆቹ የሕጉን ምክንያት የተረዱት ከባሕር ዳርቻው ነው።

በአንደኛው ጉዟችን ዕለት አንድ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ መረባቸውን ጎትተው ዓሣውን አንድ በአንድ ሲፈቱ፣ አንዲት የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ መለኪያ ጣውላውን ይዛ አጠገባቸው ቁጢጥ ብላ ነበር። አንዷን ቆሮሶ ተቀብላ ጣውላው ላይ ስታጋድማት ከአፏ ከምስር ፍሬ ያነሱ ቢጫ እንቁላሎች እየተንጠባጠቡ በጣቶቿ መካከል ፈሰሱ። ልጅቷ ደንግጣ «አባባ፣ ምን አደረግኋት?» ስትላቸው፣ «አብሽሪ ልጄ፣ አንቺ ምንም አላደረግሻትም። እናት ስለሆነች ነው፤ እስኪፈለፈሉ በአፏ ትይዛቸዋለች» አሏት። እናቲቱ ቆሮሶ እንቁላሎቿን በአፏ ይዛ በምትቆይባቸው ቀናት ምግብ እንደማትበላ በመጽሐፍ አስተምሬያለሁ፤ ያን ጊዜ የተማሪዬን ፊት ሳይ ግን የሰሌዳው ትምህርት ምን ያህል እንደሚያንስ ገባኝ። አዛውንቱ ዓሣዋን ከቅርጫታቸው ጨመሯት። የዕለት ጉርሳቸው ናትና ልጅቷም አልተከራከረቻቸውም። ነገር ግን በመዝገቡ ላይ ርዝመቷን ከጻፈች በኋላ በኅዳጉ «በአፏ እንቁላል ነበራት» ብላ አከለች። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ መዝገባችን ለዚህ ጉዳይ ራሱን የቻለ ዓምድ አለው። እናቶቹ በየትኞቹ ወራት እንደሚበዙ ካልታወቀ ማጥመድ የሚከለከልበትን ወቅት መወሰን ስለማይቻል፣ በበኩሌ ከዓመቱ ሥራችን ሁሉ ይህን ዓምድ አስበልጣለሁ።

በክፍል ውስጥ ብዙ ያከራከረን ደግሞ ባስ የተባለው አዳኝ ዓሣ ነው። የትውልድ አገሩ ሰሜን አሜሪካ ሲሆን በ1929 እ.ኤ.አ. ወደ ኬንያው ናይቫሻ ሐይቅም ተወስዷል። በአሜሪካ የመዝናኛ ሐይቆች ቁጥሩ ከምግቡ በላይ ሲበዛ ሁሉም ከሲታና አጭር ሆኖ ስለሚቀር፣ በአንዳንድ ቦታ ለምሳሌ ከ30 እስከ 38 ሴንቲ ሜትር የሚደርሰው እንዲለቀቅ፣ ከዚያ ያነሰውና የበለጠው ግን እንዲወሰድ ይደነገጋል። ዓሣ አጥማጁ ትንንሹንም የሚለቅ ከሆነ ግን ደንቡ ፋይዳ የለውም። ይህን ለዓሣ አጥማጆቹ ስናጫውታቸው አንደኛው «እንግዲያው እኛ ትንንሹን ብናወጣ ምን ነውር አለው?» ሲሉ ጠየቁ። ጥያቄው ተገቢ ነበር። አንድ ተማሪያችን፣ ዓሣ ተጨናንቆ ምግብ ሲያንሰው አጭር ሆኖ እንደሚቀር፣ ትልልቁ ተለቅሞ ሲያልቅም ውኃው ውስጥ ሕፃናቱ ብቻ እንደሚቀሩ፣ ሁለቱ በዓይን ቢመሳሰሉም መፍትሔያቸው ግን ተቃራኒ መሆኑን በትሕትና አስረዳቸው። ከመምህሩ ሳይጠብቅ እንዲህ ያለ መልስ የሚሰጥ ተማሪ ያፈራ ክበብ ጊዜውን በከንቱ አላባከነም።

የሎጎ ሐይቅ ቆሮሶ ከሁለቱ በየትኛው ሁኔታ ላይ እንዳለ ለመናገር ግን ርዝመት ብቻ አይበቃም። ክብደት መመዘን፣ ዕድሜንም ከቅርፊቱ ቀለበት ማንበብ ያስፈልጋል፤ በሞቃት አገር ቀለበቱ ጎልቶ ስለማይታይ ያለ ማይክሮስኮፕ የሚሞከር ሥራ አይደለም። የቤተ ሙከራችን ማይክሮስኮፖች በ2014ቱ ጦርነት ከጠፉ ወዲህ አልተተኩም። የሚዛን ግዢ ጥያቄያችን በተደጋጋሚ ቀርቦ ምላሽ አላገኘም፤ በመኪና ኪራይ ምክንያትም ከታቀዱት ጉዞዎች የተሰረዙ ስላሉ በመዝገባችን ላይ ባዶ የቀሩ ወራት አሉ። ለስፖርት ውድድር ትጥቅ የሚገኝበት ትምህርት ቤት ለአንድ ሚዛን በጀት ያጣል ብዬ ለማመን እቸገራለሁ።

ለ2018 ዓ.ም. የምንጠይቀው አንድ ማይክሮስኮፕ፣ አንድ ሚዛንና በየወሩ አንድ ጊዜ ደርሶ መልስ የሚያጓጉዘን መኪና ነው። መኪና ያላቸው ወላጆች በተራ ቢያግዙን የኪራዩ ችግር ይቃለላል፤ በገንዘብ መርዳት የሚሹም በትምህርት ቤቱ ሒሳብ ክፍል በደረሰኝ መክፈል ይችላሉ። መዝገቡ በቤተ መጻሕፍት ስለሚገኝ ማንኛውም ሰው ገልጦ ሊያየው ይችላል። የመጀመሪያው ጉዟችን ክረምቱ እንደወጣ በጥቅምት ይሆናል።