ስኳሩ ለብቻ ይቅረብ

ለጎንደር ከተማ አስተዳደር ጤና መምሪያ
ጎንደር

ጉዳዩ፦ በጁስ ቤቶች፣ በሻይ ቤቶችና በትምህርት ቤት ክበቦች ስኳር ከመጠጡ ተለይቶ እንዲቀርብ፣ ስለ ስኳር ልክም በማንኪያ እየተለካ ትምህርት እንዲሰጥ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የመምሪያው ኃላፊዎች፣

ፒያሳ ካሉት ጁስ ቤቶች ወደ አንዱ የገባ ሰው የአቮካዶ ጁስ አዘዘ እንበል። 100 ግራም አቮካዶ ውስጥ ያለው ስኳር 1 ግራም እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ብርጭቆው ጣፍጦ ከመጣ ጣዕሙ የፍሬው አይደለም፤ ብሌንደሩ ውስጥ የገባው ስኳርና በብርጭቆው ዙሪያ የፈሰሰው ቀይ ሽሮፕ ነው። የተቆለለ 4 ማንኪያ ስኳር ከገባበት ወደ 28 ግራም ይደርሳል፤ የሽሮፑ ገና አልተቆጠረም። ጠጪው ግን ፍራፍሬ እንደጠጣ አምኖ ይወጣል፤ ለልጁም ያንኑ ያዝዝለታል። ስኳሩን ሲጨምሩ አላየም፣ ይጨመር ወይ ብሎ የጠየቀውም የለም። ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ ስለዚህ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ ከቀን ጉልበታችን ከስኳር የሚመጣው ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ደግሞ ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል። በቀን 2000 ካሎሪ ለሚበቃው አዋቂ የመጀመሪያው ልክ 50 ግራም፣ ሁለተኛው 25 ግራም ነው። አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ስለሚመዝን በማንኪያ 12 እና 6 ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ልሙጥ» የምትለው ቃል ላይ ነው። በየሻይ ቤቱ የሚገባው ማንኪያ የተቆለለ ነው፤ የተቆለለ ማንኪያ 7 ግራምና ከዚያ በላይ ይይዛል። «እኔ ሁለት ማንኪያ ብቻ ነው የምጠጣው» የሚል ሰው በልሙጥ ቢለካ አራት ሊጠጋ ነው። እንዲህ ሦስት ሻይ በቀን ከጠጣ፣ ምሳ ላይ ለስላሳ ሳይጨምር እንኳ 42 ግራም ደርሷል።

ለስላሳው ደግሞ በ100 ሚሊ ሊትር 10 ወይም 11 ግራም ስኳር አለው። ባለ 300 ሚሊ ሊትሩ የመስታወት ጠርሙስ 8 ልሙጥ ማንኪያ ያህል ሲሆን፣ ባለ ግማሽ ሊትሩ ፕላስቲክ ብቻውን የቀኑን የመጨረሻ ልክ ይሞላል።

በዚህ ልክ ውስጥ የሚቆጠረው የትኛው ስኳር ነው? አምራቹ፣ ሻጩ፣ ወጥ ቤቷ ወይም እኛው ራሳችን የምንጨምረው ሁሉ ይቆጠራል፤ ማር፣ ሽሮፕና የተጨመቀ ጁስም አብረው ይቆጠራሉ። ሙሉ ፍራፍሬ ውስጥ ያለውና የወተት ስኳር አይቆጠሩም። 100 ሚሊ ሊትር ወተት ወደ 5 ግራም የተፈጥሮ ስኳር አለው፤ ሰው ይህን ፈርቶ ወተት መተው የለበትም። ብርቱካን ሲበላ ስኳሩ ከአሰሩ ጋር ተሳስሮ ስለሚገባ ቀስ ብሎ ይዋሃዳል፣ ሆድም ይሞላል። አንድ ብርጭቆ ለመሙላት ግን ሦስት አራት ብርቱካን ይጨመቃል፣ አሰሩ ይጣላል፣ ስኳሩም በሁለት ደቂቃ ይጠጣል። አራት ብርቱካን በአንድ ጊዜ ተቀምጦ የሚበላ ሰው ብዙም የለም። ለዚህ ነው «ስኳር አልተጨመረበትም» የሚል የታሸገ ጁስ ስኳር የለውም ማለት ያልሆነው።

የማር ነገር በእኛ አካባቢ ለብቻው መነገር አለበት። ማር በብዛት ስኳር ነው፤ ከክብደቱ አምስት እጅ አራቱ ያህል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 17 ግራም ስኳር ይይዛል። መልካም ጣዕም አለው፣ የአገራችን ሀብትም ነው፤ ነገር ግን «ማር መድኃኒት ነው፣ ስኳር በሽተኛም ይበላዋል» የሚለው እምነት ሰው እየጎዳ ነው። ብርዝም እንዲሁ። ዕድሜው ዓመት ላልሞላ ሕፃን ደግሞ ማር በጭራሽ አይሰጥም፤ ቦቱሊዝም የሚባል አደገኛ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል። ሕፃን እንደተወለደ የስኳር ውኃ ማቅመስም መቅረት ያለበት ልማድ ነው፤ እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ የሚጀመረው አጥሚት ስኳር ካልገባበት ልጁ የእህሉን ጣዕም ይለምዳል፤ ከገባበት ግን ያልጣፈጠውን ሁሉ ይተፋል።

በማስተማሪያ ላይ ሁለት ነገር ተለይቶ ካልተነገረ ምክሩ ራሱ ሊጎዳ ይችላል። አንደኛው፣ ለተቅማጥ በውኃ ተበጥብጦ የሚሰጠው ለምለም (ኦ.አር.ኤስ.) ውስጥ ያለው ስኳር ሕክምና ነው፤ ጨውና ውኃው በአንጀት በኩል እንዲገባ የሚረዳው እሱ ነው። ስኳር ጎጂ ነው ሲባል የሰማች እናት ለምለሙን እንዳትተው። ሁለተኛው፣ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ላብ ካጠመቀው፣ እጁ ከተንቀጠቀጠና ግራ ከተጋባ ስኳሩ ወርዶ ይሆናል፤ ያኔ መዋጥ እስከቻለ ድረስ 4 ልሙጥ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ወይም የባለ 300 ሚሊ ሊትሩን ጠርሙስ ለስላሳ ግማሽ ወዲያው መጠጣት አለበት። በ15 ደቂቃ ካልተሻለው ይደገማል። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም ሳይሰጥ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰዳል።

የበሽታው ስም ራሱ «ስኳር» መሆኑም ያሳስታል። በልጅነት የሚጀምረው ዓይነት አንድ የስኳር በሽታ ጣፋጭ በመብላት የሚመጣ አይደለም፤ የልጁ እናት ልትወቀስበት አይገባም። በሌላ በኩል ስኳር አልነካም እያለ ነጭ ዳቦ በላይ በላይ የሚበላ ታማሚ የደሙ ስኳር ለምን እንደማይወርድ ይገርመዋል። ዳቦውም ሆድ ውስጥ ግሉኮስ ወደሚባል ስኳር ይለወጣል።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንምጣ። የምግብና መጠጥ ቤቶች የንጽህና ቁጥጥር ሲደረግ በመጠይቁ ላይ አንድ መስመር እንድትጨምሩልን እንጠይቃለን፦ «ደንበኛው ካላዘዘ በስተቀር ጁስና ሻይ ያለ ስኳር ይቀርባል፤ ስኳሩ ለብቻ ይመጣል»። ለባለቤቱ ወጪ የለውም፤ እንዲያውም በዛሬው የስኳር ዋጋ ይቆጥብለታል። እንቅፋቱን ግን አስቀድመን እንናገር። ስኳር በቀዝቃዛ ጁስ ቶሎ አይሟሟም፤ ከሥር ይቀራል፣ ደንበኛውም አልጣፈጠኝም ብሎ ይደግማል። መፍትሔው የተበጠበጠ ስኳር ነው፦ 400 ግራም ስኳር በፈላ ውኃ አሟሙቶ ጠቅላላው 1 ሊትር እስኪሆን ውኃ መጨመር። እንዲህ ሲዘጋጅ እያንዳንዱ 10 ሚሊ ሊትር 4 ግራም፣ ማለትም አንድ ልሙጥ ማንኪያ ይሆናል። መለኪያው ከልጆች የሳል ሽሮፕ ጋር የምትመጣው ቆብ ናት። ተዘጋጅቶ ፍሪጅ ውስጥ ካልተቀመጠ ስለሚቦካ በየሁለት ቀኑ ይለወጥ።

ሁለተኛው ጥያቄያችን ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ነው። በመቶኛና በካሎሪ ማስተማር ይቅርና በቤቱ ስኳር ይጀመር። ከሸማቾች ማኅበርም ሆነ ከሱቅ በወር የተገዛው ስኳር በግራም ይያዝ፣ ለቤተሰቡ ቁጥር ይካፈል፣ ከዚያ ለ30 ቀን። አምስት ሰው ያለበት ቤት በወር 5 ኪሎ ከጨረሰ ለእያንዳንዱ በቀን 33 ግራም ይደርሰዋል፤ ከ8 ልሙጥ ማንኪያ በላይ ነው፣ ውጭ የተጠጣው ሳይቆጠር። ወደ 25 ግራም ለመውረድ ያ ቤት በወር 3 ኪሎ ከ750 ግራም ይበቃዋል። ይህን ስሌት ማንም እናት ቡና እያፈላች ልትሠራው ትችላለች። ቅነሳው በአንድ ቀን አይሁን፤ በየሁለት ሳምንቱ ከእያንዳንዱ ስኒ ግማሽ ማንኪያ ሲቀነስ ምላስ ይለምዳል። በአንዴ የተወ ሰው ቶሎ ሊመለስ ይችላል።

የትምህርት ቤት ክበቦችን በተመለከተ ከትምህርት መምሪያ ጋር ተነጋግራችሁ ቢያንስ ንጹሕ የሚጠጣ ውኃ ከለስላሳው በረከሰ ዋጋ ወይም በነፃ እንዲኖር እንጠይቃለን። ውኃ በሌለበት ግቢ ልጁን ለስላሳ አትጠጣ ማለት አይቻልም። ብስኩት ሲመረጥ ደግሞ ከፓኬቱ ጀርባ የተጻፉት ግብዓቶች በክብደት ቅደም ተከተል እንደሚደረደሩ ይታወቅ፤ ስኳር፣ ግሉኮስ ሽሮፕ ወይም ዴክስትሮስ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ውስጥ ካለ ያ ብስኩት ከረሜላ ነው ብሎ መቁጠር ይሻላል።

ለመጀመር የሚመቸው ጊዜ ዐቢይ ጾም ይመስለናል። ወተት ስለሚቀር ሰው ሁሉ ወደ ሻይ፣ ወደ ጁስና ወደ ለስላሳ ያዘነብላል፤ ባዶ ሆድ ላይ የመጀመሪያው ነገር ጣፋጭ መጠጥ ይሆናል። በረመዳን ማፍጠሪያም ሦስት ፍሬ ቴምር ችግር የለውም፤ ችግሩ አብሮት የሚቀርበው በስኳር የተበጠበጠ ጁስ ነው። ከዐቢይ ጾም በፊት ደግሞ ጥምቀት አለ። በፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ ፀሐይ ላይ ለሚውለው ሕዝብ በየጥጉ የሚገኘው ለስላሳ ነው። ለዘንድሮው በዓል መምሪያው ጥቂት የንጹሕ ውኃ ማደያ ቦታዎችን ቢያዘጋጅ፣ ቦታ በመምረጥና ውኃውን በማከም ሥራ እኛ በነፃ ለማገልገል ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
በሥነ ምግብና በኅብረተሰብ ጤና ሙያ የተሰማራን የጎንደር ነዋሪዎች

ግልባጭ፦
ለጎንደር ከተማ አስተዳደር ትምህርት መምሪያ