ያ ቢጫ ሎኮሞቲቭ የማን ነው ላልከኝ

አባዬ፣

ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ፣ አትቀየመኝ። እማዬን ሳምልኝ። ጎረቤቱን፣ ሰፈራችንን ከዚራን በሙሉ ሰላም በልልኝ። እኔ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

አሁን ወደ ነገሬ። የእግርህን ቁስል ከእናንተ መስማት ነበረብኝ። የሰማሁት ግን እዚህ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ፣ በቅርቡ ከድሬዳዋ ከመጣች ልጅ ነው። «አባትህ ተሻላቸው?» ስትለኝ የምመልሰው ጠፋኝ። ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ሲቆስል ቀላል ነገር አይደለም። ለምን ደበቃችሁኝ? እሺ፣ እንዳልጨነቅ ብላችሁ ነው። ይኸው ተጨነቅኩ። ብሩን ትናንት በእህቴ በሚጡ ስም ልኬዋለሁ። መጀመሪያ የሐኪምና የመድኃኒቱ ይነሳለት፣ የሠርጓ ከዚያ በኋላ ነው። ሚጡዬ፣ ደብዳቤውን ስታነቢለት ይህችን መስመር ዘለሽ እንዳታልፊ።

ዝምታዬ መርዘሙን አውቃለሁ። አጎቴም «አሜሪካ ገባና ረሳን» ብሏል አሉ። አልረሳሁም። ሥራዬ የሌሊት ነው፣ እኔ ስነቃ እናንተ ተኝታችኋል። በዚያ ላይ ስልክ ይዤ «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» ከማለት ሌላ ወሬ ያጥረኛል። ያን የባቡር ፎቶ የላክሁልህ ለዚህ ነው። አንተም ስለ ጤናህ ምንም ሳትል «ከፊት ሰማያዊ፣ ከኋላ ቢጫ፤ ቢጫው የማን ነው?» ብለህ አስጻፍክልኝ። ምን ያህል ደስ እንዳለኝ! የድሮው የአትልዬው፣ የባቡር ጥገናው ሰውዬ መጣልኝ አልኩ። ስለዚህ በደንብ አድርጌ ልመልስልህ።

የምኖረው ክላርክስተን የምትባል፣ ከአትላንታ ወጣ ያለች ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። ሐዲዱ መሃሏን ሰንጥቆ ያልፋል። ባቡሩ ማቋረጫው ጋ ሲደርስ ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር፣ እንደገና አንድ ረጅም ይነፋል፣ ደንቡ ነው። ሥራ በሌለኝ ሌሊት በዚያ ድምፅ ስነቃ ያለሁበት ይጠፋኛል፤ ከዚራ የተኛሁ ይመስለኛል፣ ሙቀቱ ሳይቀር ይሰማኛል። ደግሞ እኮ አትላንታም እንደ ድሬ የባቡር ልጅ ናት። በፈረንጆቹ 1837 (ዓመቱን ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ) የሐዲዱ ማብቂያ የሚሆን ቦታ ተመርጦ ምልክት ተተከለ፣ መጀመሪያ ስሟም «ተርሚነስ» ነበር። ድሬስ ሐዲዱ የሐረርን ተራራ መውጣት አቅቶት በ1902 ከታች ሲቀር አይደል የተወለደችው?

የእኛ ሰፈር ሐዲድ ሲኤስኤክስ የሚባል ኩባንያ ንብረት ነው፣ ሰማያዊው የእሱ ነው። ቢጫው ዩኒየን ፓሲፊክ የሚባል የሌላ ኩባንያ ነው። የዩኒየን ፓሲፊክ ሐዲድ ግን ጆርጂያ አይደርስም። ከምዕራብ መጥቶ ቺካጎ፣ ሴንት ሉዊስ፣ ሜምፊስ፣ ኒው ኦርሊንስ ላይ ያበቃል። ታዲያ ሎኮሞቲቩ እዚህ ምን ይሠራል ነው ጥያቄህ።

በእናንተ ጊዜ ባቡሩ የሁለት አገር ሆኖ ኩባንያው አንድ ነበር፣ ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ለገሃር 784 ኪሎ ሜትር አንድ ሸመንደፈር። እዚህ አገሩ አንድ ሆኖ ኩባንያው ብዙ ነው። ትልልቆቹ ብቻ ዛሬ ስድስት ናቸው። ጭነቱ ደግሞ የኩባንያ ድንበር አያውቅም። ድሮ አንዱ መስመር የሚያልቅበት ጋ ሲደረስ ሎኮሞቲቩ ተፈቶ የሌላው ይቀጠል ነበር፣ ያ ሁሉ ፉርጎ ቆሞ እየጠበቀ፣ ሰዓት እየነጎደ። ስለዚህ ተስማሙ። ሎኮሞቲቩ ከነፉርጎው ይለፍ፣ ሾፌሩ ብቻ ይቀየር።

አንተ «እንዴት ይገጥማል?» እንደምትል አውቃለሁ። የሐዲዱ ስፋት አንድ ነው፣ 1,435 ሚሊ ሜትር (የእናንተ 1,000 ነበር)። ማያያዣውም አንድ ዓይነት ነው። ዋናው ግን ሎኮሞቲቮቹን እርስ በርስ የሚያገናኘው የኤሌክትሪክ ገመድ ነው፤ 27 ፒን አለው፣ በሁሉም ኩባንያ ያው ነው። ማንም ይሥራው፣ ቀለሙ ምንም ይሁን፣ ያን ገመድ ከሰካኸው ከፊት የተቀመጠው አንድ ሾፌር ኋላ ያሉትንም አብሮ ይነዳቸዋል። አንድ ዘመናዊ ሎኮሞቲቭ ብቻውን 4,400 የፈረስ ጉልበት አለው፣ ታንኩ ወደ 19 ሺህ ሊትር ናፍጣ ይይዛል። ከእናንተ አልስቶም ሎኮሞቲቭ አጠገብ ባቆመው ብዬ ስንቴ ተመኝቻለሁ!

ከሁሉም የገረመኝ ሂሳቡ ነው። ይህን የነገሩኝ እዚህ ማቋረጫ ላይ የተዋወቅኳቸው አንድ ሽማግሌ ናቸው፣ ወንበርና ካሜራ ይዘው ባቡር ሲጠብቁ የሚውሉ ሰው። የተዋሰው ኩባንያ በዋናነት የሚመልሰው በጉልበት ነው። 4,400 የፈረስ ጉልበት ያለው ሎኮሞቲቭ ሌላው ሐዲድ ላይ 10 ሰዓት ከቆየ ጉልበቱ በሰዓቱ ተባዝቶ 44,000 ተብሎ ይመዘገባል። ተበዳሪው 3,000 የፈረስ ጉልበት ያለው አሮጌ ሎኮሞቲቭ ቢልክ 14 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያሠሩታል፣ ያኔ ዕዳው ተዘጋ። በብር ሳይሆን በሰዓት ነው የሚከፋፈሉት። ይህን ስሰማ አንተ ትዝ አልከኝ። አንተ ለእኔ የሰጠኸኝ ሰዓት ነበር፤ ከአትልዬ ደክመህ ገብተህ፣ እጅህ ግራሶ እንደሆነ፣ የቤት ሥራዬን ታሠራኝ ነበር። እኔ የምልክልህ ብር ነው። ያንን በዚህ መዝጋት እንደማይቻል አውቃለሁ፣ ሌሊት ሌሊት የሚከነክነኝም እሱ ነው።

ሽማግሌው ድሮ የኖሩት ኢንዲያና ነው። የሚያወሩት ሁሉ ስለ ቀለም ነው። በ1990ዎቹ ሳንታ ፌ የሚባል ኩባንያ ቀይና ብርማ ሎኮሞቲቭ፣ ከካሊፎርኒያ አቅጣጫ መጥቶ፣ ኮንሬይል በሚባል በሌላ ኩባንያ ሐዲድ ላይ ሰፈራቸው ድረስ ሲዘልቅ የተሰማቸውን ሲነግሩኝ ዓይናቸው ያበራል። ያላዩትን አገር ሁሉ ይዞላቸው የመጣ ይመስላቸው ነበር። ከዚያ ኩባንያዎቹ እርስ በርስ ተዋዋጡ። ሳንታ ፌ ከበርሊንግተን ኖርዘርን ጋር ተዋሐደና ቢኤንኤስኤፍ ሆነ። ግራጫ ሆኖ አፍንጫው ቀይ የነበረውን ሳዘርን ፓሲፊክን ዩኒየን ፓሲፊክ በ1996 ጠቀለለው። በ1999 ሰኔ ላይ ደግሞ ሲኤስኤክስና ኖርፎክ ሳዘርን ኮንሬይልን ተካፈሉት፣ ሰማያዊ ሎኮሞቲቮቹንም ጭምር። ሥራ ስለበዛ ቀለም ለመቀባት ጊዜ አልነበረም፣ ለዓመታት የሞተው ኩባንያ ስም እንደተጻፈባቸው ሲጎትቱ ኖሩ። አሁን ኩባንያዎቹ ለመታሰቢያ ብለው አንዳንዱን ሎኮሞቲቭ በድሮው ቀለም ይቀቡታል፣ ፎቶ አንሺውም ይጋፋል። ኖርፎክ ሳዘርን በ2012 ብቻ 20 ቀብቷል። እኔ ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ የሚለኝ አቧራ የጠጣው፣ ከሩቅ አገር መጥቶ ሥራ ላይ ያለው ነው።

አንድ ቀን ሽማግሌው በመኪናቸው ወደ ሜከን በሚወስደው መንገድ ይዘውኝ ሄዱ። ጁልየት የምትባል ቦታ ትልቅ የኤሌክትሪክ ማመንጫ አለ፣ የሚያነደው የድንጋይ ከሰል ከዋዮሚንግ ነው የሚመጣለት፣ ከ2,500 ኪሎ ሜትር በላይ። ሐዲዱ የኖርፎክ ሳዘርን ነው፣ የእነሱ ሎኮሞቲቭ ጥቁር ነው። የመጣው ግን ብርቱካናማ ነበር፣ የቢኤንኤስኤፍ፣ ከማዕድኑ ጀምሮ ያልተፈታ። ከሰሉ ሲያልፍ ቆሜ አየሁት፣ ፉርጎው አያልቅም። አባዬ፣ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ አንተ ትከሻ ላይ ሆኜ ድሬ፣ ለገሃሬ ጣቢያው ጋ የቆምኩ መሰለኝ። ሽማግሌው «ምነው?» አሉኝ። አቧራ ነው አልኳቸው።

ሾፌሮቹ መንገድ ላይ ይቀያየራሉ። ከ12 ሰዓት በላይ እንዳይሠሩ በሕግ ክልክል ነው፣ ሰዓቱ ከሞላ ባቡሩ ሜዳ ላይም ቢሆን ይቆማል፣ ሌላ ሾፌር በመኪና ያመጡለታል። የእኔን ሰዓት ግን የሚቆጥር የለም። ተወው፣ ይህን መጻፍ አልነበረብኝም። እማዬ እንዳትሰማ።

ሌላው የጠየቅከኝ «ቢጫው ለምን ከኋላ ሆነ?» የሚለው ነው። ያን ቀን እንዲሁ ሆኖ ነው፣ ፊት የሚመራበትም ቀን አለ። ድሮ ግን በአንዳንድ መስመር ባለቤቱ የራሱ የምልክት መሣሪያ ስለነበረው የእንግዳ ሎኮሞቲቭ መምራት አይችልም ነበር። በ2008 ካሊፎርኒያ፣ ቻትስዎርዝ ላይ የመንገደኛና የጭነት ባቡር ተጋጭተው 25 ሰው ሞተ። በዚያው ዓመት ኮንግረስ ሕግ አወጣ። ሾፌሩ ምልክት ቢያልፍ ባቡሩን በራሱ የሚያቆም መሣሪያ ይገጠም፣ የአንዱም ከሌላው ጋር ይግባባ ተባለ። በ2020 መጨረሻ ተጠናቀቀ። አሁን ቢጫው ሰው ሐዲድ ላይ ገብቶ እንደ ባለቤት ይመራል።

ሚጡዬ፣ አሁን ወደ አንቺ። አንቺን ለመጠየቅ የመጡትን ሽማግሌዎች ቪዲዮ ደጋግሜ አየሁት። አባዬ ነጭ ሸማ ለብሶ «እንመካከርበት» ሲል እንዴት ግርማ ሞገስ አለው! ግን ከስቷል፣ ካሜራው አይደለም፣ ከስቷል። የሚያገባሽ ልጅ ደግሞ አስተማሪ መሆኑን ወድጄለታለሁ። ዓይኑ ትሑት ነው። ጥር ላይ ለምን አትመጣም ብለሽ መልሰሽ መላልሰሽ ጻፍሽልኝ። ወረቀቴ አላለቀም። ዛሬ ከዚህ ብወጣ ተመልሼ መግባት አልችልም፣ ያን ጊዜ የአባዬን መድኃኒት ማን ይገዛል? ልቤ ጨክኖ እንዳይመስልሽ። ሚዜዎቹ ሲመጡ በሩን ይዤ ማስቸገር የነበረብኝ እኔ ነኝ። የአጎቴን ልጅ በእኔ ቦታ አቁሚው፣ በቀላሉ እንዳይከፍትላቸው ንገሪው። የእማዬ ቀሚስ ከሽሮ ሜዳ ይሁን፣ ዋጋ አትከራከሪበት። ከአዲስ አበባ የሚመጡት ዘመዶች በአዲሱ ባቡር ነው የሚመጡት? ጣቢያው ከከተማ ወጣ ያለ ስለሆነ መኪና ይዘጋጅላቸው። አባዬ ግን እዚያ ድረስ ልቀበል ብሎ እንዳይሄድ፣ በዚያ እግሩ!

አባዬ፣ ባዶ እግርህን ግቢ ውስጥም ቢሆን አትውጣ። ቁስሉን የሚያጥብልህ ነርስ ይሁን፣ ጨውና ሎሚ የሚሉህን አትስማ። አንተም ለእኔ ዕዳ አለብህ። በእኛ አቆጣጠር በ1969 እና በ70 በሶማሊያ ጦርነት ድልድዮቹ ሲፈርሱና መስመሩ ሲቋረጥ አትልዬው ውስጥ ምን ትሠሩ እንደነበር ጀምረህ ሳትጨርስልኝ ነው የወጣሁት። ሽማግሌው የእናንተን ባቡር ታሪክ መስማት ይፈልጋሉ፣ እኔም የማውቀው አልቆብኛል። በስልክህ በድምፅ ቅዳልኝና ሚጡ ትላክልኝ።

ሚጡ፣ የሐኪሙን ወረቀት ዛሬውኑ ፎቶ አንስተሽ ላኪ፣ የስኳሩን ቁጥርም ጻፊልኝ። እሑድ ከሰዓት በእናንተ አቆጣጠር አሥር ሰዓት ላይ እደውላለሁ። ያን ቀን ሥራ የለኝም። አባዬ አጠገብሽ ይሁን፣ ስልኩንም መጀመሪያ ለእሱ ስጪው።

የሚወዳችሁ ልጃችሁ፣
ከክላርክስተን፣ ጆርጂያ