ቢሾፍቱ ሐይቅ ባሕር አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ

ባለፈው ሳምንት በዚሁ ገጽ የወጣውን የአንድ አንባቢ አስተያየት ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ፈረንጆች ጡረታ የወጣ መርከብ አስምጠው የዓሣ መኖሪያና የጠላቂዎች መዝናኛ ያደርጉታል፣ እኛም አሮጌ አውቶቡስና የጦር ብረት ቢሾፍቱ ሐይቅ ውስጥ ብናሰምጥ ቱሪስት ይጎርፍልናል ይላሉ። ለአገር አስበው እንደጻፉት ይገባኛል። ግን ሐሳቡ ሥር ሳይሰድ ብንነጋገርበት ጥሩ ነው።

እኔ እስከ 1982 ዓ.ም. ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል ውስጥ ጠላቂ ነበርኩ። አሁን የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። የሰመጠ መርከብ ምን ያህል እንደሚያምር በዓይኔ አይቻለሁ። ጣሊያኖች በ1933 ዓ.ም. እንግሊዝ ሲደርስባቸው ወደቡን ለመዝጋት ብለው ብዙ መርከቦቻቸውን ምጽዋ ላይ በገዛ እጃቸው አስምጠዋል። በወጣትነቴ የጠለቅኩባቸው ቅሪቶች ኮራል የሚባለውን ድንጋይ መሰል የባሕር ፍጡር ለብሰው፣ ዓሣው በመስኮት ገብቶ በበር ሲወጣ ታያለህ፣ ከዚያ መውጣት አያሰኝህም። ምክንያቱ ቀላል ነው። የባሕሩ ወለል አሸዋ ከሆነ ኮራሉ የሚይዘው ነገር የለም። ብረት ሲያገኝ ይጣበቃል፣ ትንሹ ሲጣበቅ ትልቁ ሊበላው ይመጣል፣ እንዲህ እያለ ሰፈር ይሆናል።

ስለዚህ ነገሩን የምጠላው ሰው አይደለሁም። እንዲያውም ልንገራችሁ። የባሕር ኃይላችን ዋና መርከብ «ኢትዮጵያ» ትባል ነበር፣ በ1954 ዓ.ም. ከአሜሪካ የመጣች። በ1983 ወደ የመን ሸሽታ ቀረች፣ በኋላም በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ተሸጠች። ተቆራርጣ ቀለጠች ሲሉኝ አለቀስኩ። ንጹሕ ሆና ቀይ ባሕር ውስጥ ብታርፍ ምንኛ ደስ ባለኝ።

ንጹሕ ሆና ያልኩትን ያዙልኝ። ወንድሜ በጽሑፋቸው የዘለሉት እሱን ነው። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ2006 ኦሪስካኒ የምትባለውን አውሮፕላን ተሸካሚ ከፍሎሪዳ ወጣ ብለው አስመጧት። መርከቧ በ37 ደቂቃ ውስጥ ሰመጠች፣ ከዚያ በፊት የነበረው ጽዳት ግን ብዙ ጊዜና በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ፈጅቷል። ነዳጁ፣ ዘይቱ፣ አስቤስቶሱ፣ የሚላቀቀው ቀለም ሁሉ መውጣት አለበት። ጠላቂ ገብቶ እንዳይቀር በሮቹ ይነሳሉ፣ መውጫ ይቆረጣል። ይሄ ሁሉ ተደርጎም በገመዶቹ ሽፋን ውስጥ የቀረው ፒሲቢ የሚባል መርዝ በኋላ ዓሣዎቹ ላይ ተገኝቷል። ዩናይትድ ስቴትስ የምትባለው ትልቅ የመንገደኛ መርከብም እ.ኤ.አ. በ2025 ከፊላዴልፊያ አላባማ ወዳለችው ሞባይል ከተማ የተጎተተችው ከመስመጧ በፊት ለዚሁ ጽዳት ነው። ስፒገል ግሮቭ የተባለችው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2002 ከታሰበው ሰዓት ቀድማ ሰመጠች፣ ተገልብጣም አፍንጫዋ ከውሃ በላይ ቀረ። ያንን ሁሉ ባለሙያና መሣሪያ ይዘው ማለቴ ነው።

አሮጌ ዕቃ ዝም ብሎ መጣል ምን እንደሚያመጣም ታይቷል። ፎርት ላውደርዴል ከሚባለው የፍሎሪዳ ከተማ ፊት ለፊት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ አሮጌ ጎማ ለዓሣ ቤት ይሆናል ተብሎ ተጣለ። ማሰሪያው ተበጣጠሰ። ጎማው ከማዕበሉ ጋር እየተንከባለለ እዚያው አጠገብ የነበረውን የተፈጥሮ ኮራል ፈጨው። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ መልሶ መልቀም ነው፣ እሱም ዓመታት እየፈጀ።

አሁን ወደ ቢሾፍቱ እንመለስ። ሐይቁ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ነው፣ ወንዝ አይወጣበትም። ባሕር ሰፊ ስለሆነ የጣልክበትን ቆሻሻ ያቀጥነዋል፣ ይሄ ሐይቅ ግን የገባበትን ይዞ ይቀመጣል። ኮራል ደግሞ የጨው ውሃ ፍጡር ነው፣ እዚያ አይበቅልም። ሐይቁ ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል፣ ታችኛው ውሃ ኦክስጅን የለውም። ዓሣ ኦክስጅን በሌለበት አውቶቡስ ውስጥ ምን ሊሠራ ይገባል? የላዩ ሞቅ ያለ ውሃ እንደ ክዳን ሆኖ የታችኛውን ይዘጋዋል። ብርዱ ሲጠና ክዳኑ ይነሳና ውሃው ይገላበጣል። በዚያ አካባቢ ሐይቆች ዓሣ ሞቶ የሚንሳፈፍበት ጊዜ እንዳለ የቢሾፍቱ ሰው ያውቃል። እዚያ ውስጥ የሞተር ዘይትና የባትሪ አሲድ ጨምሩበትና አስቡት።

ስለ ጠላቂውም ላንሳ፣ ይሄ የእኔ ሙያ ስለሆነ። ቢሾፍቱ ከባሕር ጠለል 1,900 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። እኛ የተማርነው የመጥለቂያ ሰንጠረዥ ለባሕር ጠለል የተሠራ ነው። ከፍታ ላይ ከውሃ ስትወጣ የሚጠብቅህ አየር ሳሳ ያለ ነው፣ ደምህ ውስጥ የገባው ናይትሮጅን አረፋ የመሥራት ዕድሉ ይጨምራል። ሰው ሽባ ሊሆን፣ ሊሞትም ይችላል። በቱሪስት ሕይወት አንቀልድ።

ብረቱማ ቦታ አላጣም። በእኛ ሰፈር ቁርጥራጭ የጫነ ሲኖትራክ ሌት ተቀን ያልፋል፣ አቃቂ፣ ገላንና ዱከም ያሉ ፋብሪካዎች ያቀልጡታል። ቁራሌው እንኳን በኪሎ የሚገዛውን ነገር ለምን ሐይቅ ውስጥ እንጥላለን? የንግድ መርከቦቻችን አንድ ቀን ያረጃሉ። ያኔ ባሕር ካላቸው ጎረቤቶቻችን ጋር ተነጋግረን፣ አንዷን በደንብ አጽድተን ብናሰምጥ የመጀመሪያው ደስተኛ እኔ ነኝ። ጉልበቴ ከፈቀደ ጽዳቱ ላይም እገኛለሁ።

ለወንድሜ አንድ ግብዣ አለኝ። ቅዳሜ ጠዋት ከቃሊቲ መናኸሪያ ተነስተን አብረን ቢሾፍቱ እንሂድ። ሐይቁ ዳር ቁጭ ብለን ዓሣ አስጋሪዎቹን እንጠይቃቸው፣ መረባቸውን ስንት ሜትር ላይ እንደሚጥሉና ለምን ከዚያ በታች እንደማይሄዱ ይንገሩን። ትራንስፖርቱን እኔ እችላለሁ።

የቀድሞ የባሕር ኃይል ጠላቂ
ከቱሉ ዲምቱ