የተቆረጠብን ፍጻሜ፦ ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል የቀረበ ቅሬታ

ለ፦ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል
ጉዳዩ፦ የዲሲ ዲፌንደርስ (የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን) የፍጻሜ ጨዋታ ተቆርጦ ስለተቀረጸብን እና የከፈልነው ገንዘብ እንዲመለስልን ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

በየወሩ በምትልኩልኝ ቢል ጀርባ ላይ፣ በትንንሽ ፊደል፣ «በቋንቋዎ እናገለግልዎታለን» የሚል አማርኛ አለ። እውነት ብዬ ይዤዋለሁ። ስለዚህ ደብዳቤውን በአማርኛ ጽፌዋለሁ። በስልክ ሦስት ጊዜ ሞክሬ አልሆነልኝም። ለምን እንዳልሆነ ዝቅ ብዬ እነግራችኋለሁ።

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። መሃል ዲሲ አንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ በማታ ፈረቃ እሠራለሁ። ቅዳሜ ማታ ሰው ሲዝናና እኔ የሰው መኪና እጠብቃለሁ። ጨዋታ በቀጥታ ማየት ለእኔ ብርቅ ነው። የእናንተ ደንበኛ የሆንኩትም ለዚሁ ነው፦ ጨዋታው ይቀረጽልኛል፣ በማግስቱ ከልጄ ጋር አየዋለሁ። በወር 15 ዶላር ጨምሬ የስፖርት ጥቅሉን የገዛሁት ለሌላ ለምንም አይደለም። ከማርች እስከ ጁን 2025 ድረስ 60 ዶላር ከፍያለሁ።

ዲሲ ዲፌንደርስን እናንተ ቤት የሚያውቃቸው ሰው ያለ አይመስለኝም። አያያዛችሁ እንደዚያ ነው። ትልቁ ሊግ ኤንኤፍኤል በፌብሩዋሪ ሲዘጋ የአሜሪካ ፉትቦል አያልቅም። በጸደይ የሚጫወት፣ ዲፌንደርስም ያሉበት፣ ዩኤፍኤል የሚባል ሊግ አለ። ኤክስኤፍኤል እና ዩኤስኤፍኤል የሚባሉ ሁለት ሊጎች ተዋህደው በ2024 የጀመሩት ነው። ስምንት ቡድን አለው፣ እያንዳንዱ በመደበኛው ውድድር አሥር ጨዋታ ይጫወታል። ከተጫዋቾቹ ብዙዎቹ ኤንኤፍኤል በር ላይ ደርሰው የተመለሱ፣ ወይም አንድ ቀን እንጠራለን ብለው የሚጠብቁ ናቸው። እኔም በዚህ አገር ደጅ መጥናት ምን እንደሆነ ስለማውቅ ይሆናል የወደድኳቸው።

ጨዋታውን ያስተማረኝ ልጄ ነው። አሁን 13 ዓመቱ ነው። በ2023 ቡድኑ የሚጫወትበት ስታዲየም፣ ኦዲ ፊልድ፣ ስንገባ ደጋፊው ባዶ የቢራ ኩባያ እርስ በርሱ እየሰካ፣ በራሱ ላይ እያሳለፈ፣ ረጅም እባብ ሲሠራ አየን። ልጄ አፉን ከፍቶ ቀረ። በዚያው ዓመት መክፈቻ ላይ ጥበቃዎች እባቡን ቢነጥቋቸው ደጋፊዎቹ ሜዳ ውስጥ ሎሚ ወርውረዋል። (እኛ አገር ሎሚ የሚወረወረው ጥምቀት ላይ ለወደዷት ልጅ ነው። እዚህ ግን የንዴት ሆነ። ለልጄ ልዩነቱን ማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ።)

ያን ዓመት ቡድኑ፣ ገና ኤክስኤፍኤል ውስጥ ሳለ፣ ከአሥር ጨዋታ ዘጠኙን አሸነፈ። ለፍጻሜ ሳን አንቶኒዮ ሄደ። የገጠመው አርሊንግተን ሬኔጌድስን ነበር፤ በመደበኛው ውድድር አራት አሸንፎ ስድስት የተሸነፈ ቡድን። 35 ለ 26 ተሸነፍን። ልጄ ራት ሳይበላ ተኛ። በ2024 ደግሞ አራት አሸንፈን ስድስት ተሸነፍን፣ እሱ ይለፈን።

2025 ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው ዋናው አሠልጣኝ ሬጂ ባርሎ ወደ ቴነሲ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሄደ። ቡድኑን ሻነን ሃሪስ ተረከበ። ሰው ሁሉ «አለቀላቸው» አለ። እነሱ ግን ስድስት አሸንፈው፣ አራት ተሸንፈው ለጥሎ ማለፉ ደረሱ። ጁን 8፣ በጰራቅሊጦስ ዕለት፣ ሴንት ሉዊስን በገዛ አዳራሹ 36 ለ 18 አሸነፉ። ሴንት ሉዊስ እኮ በመደበኛው ውድድር የተሸነፈው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ፍጻሜው ጁን 14፣ ቅዳሜ ማታ፣ እዚያው ሴንት ሉዊስ፣ ከሚሺጋን ፓንተርስ ጋር።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

ሲስተማችሁ ላይ የኤንኤፍኤሉን የዋሽንግተን ቡድን፣ የኮማንደርስን፣ ስም ጽፌ «ሁሉንም ጨዋታ ቅረጽ» ስለው እሺ ይላል። የዲፌንደርስን ስጽፍ «ቡድኑ አልተገኘም» ይላል። አሥር ሳምንት ሙሉ በየሳምንቱ እየገባሁ፣ የቱ ቻናል ላይ እንደሆነ እየፈለግሁ፣ አንድ በአንድ አዝዣለሁ። ይሁን። የባሰው ቀረጻው መቆረጡ ነው። መርሐ ግብራችሁ ላይ ለእነሱ ጨዋታ ሁለት ሰዓት ተኩል ተጽፏል። ይህ ፉትቦል በሁለት ሰዓት ተኩል አያልቅም። ሰዓቱ ይቆማል፣ ማስታወቂያ ይገባል፣ ዳኛ ቪዲዮ ያያል። ለኤንኤፍኤል ጨዋታ ሰፋ ያለ ሰዓት እንደምትመድቡ አይቻለሁ። ታዲያ የጸደዩ ጨዋታ በምን ያንሳል?

በሜይ ወር ለዚሁ ጉዳይ ደወልኩ። አስተርጓሚ ሰጣችሁኝ፣ ድምጿ ደስ የሚል ሴት፣ ጥፋት የለባትም። «ፉትቦሉ እየተቆረጠብኝ ነው» አልኳት። እሷም እንደ ማንኛውም አበሻ እግር ኳስ መሰላት። ሠራተኛችሁ ደግሞ እግር ኳስ ሲባል ጊዜ የአውሮፓ ሊጎችን ጥቅል ከፈተልኝና «ችግርዎ ተፈቷል፣ በወር ስምንት ዶላር ብቻ» አለኝ። አስተርጓሚዋ በደስታ ነገረችኝ። «እህቴ፣ በእጅ የሚይዙት፣ እንቁላል የምትመስለዋ ኳስ» ብላት ዝም አለች። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ጥሪ ሙዚቃ ብቻ ነው የሰማሁት። ስምንቷ ዶላር ግን በጁን ቢል ላይ መጥታለች፣ ተመልከቷት።

የፍጻሜው ዕለት ከሥራ በፊት ቀረጻውን ሁለቴ አረጋግጫለሁ። ማታ ስልኬን ዘጋሁት። ልጄም እኔን እየጠበቀ አላየም፣ ጓደኞቹን «አትንገሩኝ» ብሎ ተማጽኗል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ተቀመጥን። በዚህ አገር የአባቶች ቀንም ነበር። የሐዋርያት ጾም ስለገባ ባለቤቴ ቡና አፍልታ ፈንዲሻ አቀረበች። ልጄ ቀዩን ማሊያ ለበሰ። ሪሞቱን እሱ ያዘ።

ቴሌቪዥኑ ገና ሲከፈት፣ ምንም ሳንነካ፣ የመተግበሪያችሁ የፊት ገጽ ላይ ትልቅ ፎቶ። ከሥሩ፦ ዲሲ 58፣ ሚሺጋን 34።

ልጄ ወደ እኔ ዞረና «አሸንፈናል» አለ። ግን እንደ ደስታ አልወጣም። እንደ ዜና ነው ያወራው። ሁለት ዓመት የጠበቀውን ነገር በአንድ ፎቶ አወቀው።

ግድ የለም፣ እንየው ተባባልን። ጥሩ ጨዋታም ነበር። ኳርተርባኩ (ኳስ ወርዋሪው) ጆርዳን ታአሙ በ2023 ሲሸነፉም የነበረው ልጅ ነው፤ በኋላ የፍጻሜው ኮከብ እሱ እንደተባለ ሰማሁ። ሰማሁ ነው የምላችሁ፣ አላየሁም። ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ታአሙ ኳሷን ይዞ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ እንዳፈገፈገ፣ ክንዱ ከፍ እንዳለ፣ ስክሪኑ ጠቆረ። ጽሑፍ መጣ፦ «ቀረጻው አልቋል። ይሰረዝ?» ባለቤቴ ሁለተኛውን ጀበና ይዛ ከኩሽና ስትመጣ ልጄ ያንን ጽሑፍ እያየ ነበር።

ኳሷ የት እንደወደቀች እስከ ዛሬ አላውቅም። ውጤቱን አስቀድማችሁ ነገራችሁን፣ ጨዋታውን ግን ሳያልቅ ቆረጣችሁብን። ከሁለቱ አንዱን ብቻ አድርጋችሁ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

የምጠይቀው ይህ ነው። የአራት ወሩን 60 ዶላር እና ያላዘዝኳትን ስምንት ዶላር መልሱልኝ። «ጊዜውን ራስዎ ማራዘም ይችሉ ነበር» የሚል መልስ እንዳትልኩ። ሥራ ላይ ያለ ሰው ጨዋታው ስንት ሰዓት እንደሚያልቅ ከየት ያውቃል? የፊት ገጹ ላይ ውጤት መደበቂያ አብጁ። ቡድኑንም ሲስተማችሁ ውስጥ አስገቡ። ሻምፒዮን የሆነን ቡድን «አልተገኘም» ማለት ነውር ነው። የፍጻሜው ሙሉ ቅጂ እናንተ ጋ ካለ ደግሞ ክፈቱልን። ከገንዘቡ ይልቅ ልጄ የሚፈልገው እሱን ነው።

የሦስቱን ጥሪዎች ቀን፣ የጁኑን ቢል እና «ይሰረዝ?» የሚለውን ስክሪን ፎቶ አያይዣለሁ። አልሰረዝነውም፣ አሁንም አለ። ስትደውሉ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ይሁን፣ ከዚያ በፊት እንቅልፍ ላይ ነኝ። አስተርጓሚ ካመጣችሁ ያችኑ እህት አምጧት። አሁን የትኛዋን ኳስ እንደምል ታውቃለች።

ከአክብሮት ጋር፣
የሲልቨር ስፕሪንግ ደንበኛችሁ