ደብዳቤ ለልጄ፦ ፍሬኑን ሳታዪ እንዳትገዢ

እናትዬ እንዴት ነሽ፣ ብርዱስ እንዴት ይዞሻል። ወንድምሽ ትናንት ደውሎ ሌላ ሌላውን ሲያወራ ቆየና ስልኩን ሊዘጋ ሲል ነው ያመጣው፣ ለዊንተር የምትነዳው ፋት ባይክ፣ ያ ጎማው ሰፊ የሆነ ሳይክል፣ ልትገዛ ነው፣ ርካሽ አግኝታለች አለኝ። ለምን ለኔ እንዳልነገርሽኝ ገብቶኛል፣ የአጎትሽን ነገር ያነሳብኛል ብለሽ ነው። አነሳዋለሁ። ግን መጀመሪያ ይሄን ያዢልኝ፣ አትግዢ አልልሽም፣ ፍሬኑን ሳታዪ ግን እንዳትገዢ።

ወንድምሽ የላከልኝን ፎቶ አጉልቼ አይቼዋለሁ። ጎማው 4 ኢንች ነው፣ ወደ 10 ሳንቲም ሜትር መሆኑ ነው። ለስላሳ ስኖው ላይ ክብደትሽ ሰፊ ቦታ ላይ ስለሚያርፍ ጎማው አይሰምጥም፣ ከላይ ከላይ ይሄድልሻል። አላስካ ውስጥ በስኖው ላይ ረጅም ርቀት የሚሄዱ ሰዎች መጀመሪያ ላይ እንዲህ አይነት ጎማ የሚሸጥ ስላልነበረ ቸርኬ ከቸርኬ ጎን ለጎን እየበየዱ ነበር የሚያሰፉት፣ ሰርሊ የሚባለው የሳይክል ካምፓኒ ፐግስሊ ያለውን ባለሰፊ ጎማ ሞዴል ያወጣው በፈረንጆቹ 2005 ነው። ይሄን ሳነብ ደስ ብሎኝ ለእናትሽም አነበብኩላት፣ በያጅ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ ደስ ይለዋል።

አይስ ግን ሌላ ነው ልጄ። ጠጥሮ የሚያብለጨልጨው አይስ ላይ የጎማ ስፋት አይይዝሽም፣ ሰፊውም ጠባቡም ያው ይንሸራተታል። እዚያ ላይ የሚይዝ ትናንሽ የብረት ጥርስ ያለው ስተድ ጎማ ብቻ ነው። ለሁለቱም ብር ከሌለሽ ለፊቱ አድርጊ፣ የኋላው ቢያዳልጥሽ ልትመልሺው ትችያለሽ፣ የፊቱ ከሄደ ግን ሳታስቢው መሬት ላይ ነሽ። ደግሞ የምትመላለሽበት መንገድ በየቀኑ የሚጠረግ ከሆነ ፋት ባይክ ምን ያደርግልሻል? ተራ ማውንቴን ባይክ ላይ ስተድ ጎማ ብታስገጥሚ ይቀላል፣ ይረክሳልም። ያልተጠረገ መንገድ ወይ ጫካ ለጫካ ከሆነ የምትሄጂው ግን ልክ ነሽ፣ አልከራከርሽም።

ርካሽ የሆነው ለምን እንደሆነ ደግሞ ጠይቂ። ሻጭ ጎማውን አያሳንሰውም፣ በአይን የሚታየው እሱ ነዋ። የሚቆጥቡት በማይታየው ነው፣ በፍሬኑ፣ በኩሽኔታው፣ በማርሹ፣ በብረቱ ክብደት። 20 ኪሎ የሚጠጋ አለ፣ ደረጃ ላይ ተሸክመሽ ስትወጪ ታውቂዋለሽ። ከፊት የሚተጣጠፍ ሾክ አለው ብለው ቢያሞግሱልሽ አትስሚ፣ ርካሽ ሾክ ብርድ ላይ ይደርቃል፣ ትርፉ ክብደት ነው፣ ሰፊው ጎማ ራሱ ይበቃሻል። እኔ ብሆን ስሙ ከማይታወቅ አዲስ ይልቅ ደህና ካምፓኒ የሰራውን ያገለገለ እመርጥ ነበር። የኋላው ሀብ፣ ቸርኬው መሃል ያለው ማለቴ ነው፣ ስፋቱ ስንት ሚሊ እንደሆነም ጠይቂ፣ የፋት ባይክ ሀብ ከተራው ሳይክል ይሰፋል፣ 170 አለ 177 አለ 190 አለ 197 አለ፣ ቸርኬው ሲበላሽ የትኛውን እንደምትፈልጊ ካላወቅሽ ትቸገሪያለሽ።

አጎትሽ ላይ የደረሰውን ታውቂያለሽ፣ ግን ሁሌ ጉልበቱን ነው የምናወራው። ሳይክሉ ከሰው እጅ የተገዛ ነበር፣ ቀለሙ አዲስ፣ እኛ ደግሞ ቀለሙን አይተን ሰፈሩን በደስታ አጥለቅልቀነው ነበር። የፍሬኑ ሽቦ ከሽፋኑ ውስጥ አንድ በአንድ ሲበጠስ ከውጭ ምንም አይታይም። ቁልቁለቱን ሲወርድ እጀታውን ጨበጠ፣ እጀታው ባዶውን መጣ፣ በቃ፣ ከዚያ ግንቡ ነው። አያትሽ በነጋታው ሳይክሉን ሸጡት፣ ማታውን አንድ ቃል ሳይናገሩ። እሱ ግን ከዳነ በኋላ ተው እንውጣ፣ ተከራይተን እንንዳ ብሎ ስንት ጊዜ ለመነኝ መሰለሽ፣ እያነከሰ። እኔ አይሆንም እንዳልኩ አደግን፣ አገባን፣ ወለድን። አሁን እኔ ብለምነው ጉልበቱ እሺ አይለውም። ይሄ ነገር እስከዛሬ ይቆጨኛል፣ እንዲህ ቁጭ ብዬ ስጽፍልሽ ራሱ። አትንጂ የማልልሽም ለዚህ ነው።

ግን ፍሬኑን እዪልኝ። ሁለቱንም እጀታ በሙሉ ሃይልሽ ጨምቂው፣ ማኑብሪዮውን ከነካ አትግዢ። ወርደሽ የፊቱን ይዘሽ ግፊው፣ ኋላው ብድግ ማለት አለበት። የኋላውን ይዘሽ ግፊው፣ ጎማው መጎተት እንጂ መዞር የለበትም። ቸርኬውን አንስተሽ አሽከርክሪና የፍሬኑ ዲስክ ቀጥ ብሎ መዞሩን እዪ፣ የፍሬን ሸራው ምን ያህል እንደቀረው እዪ። ለርካሽ ሳይክል እኔ በሽቦ የሚሰራውን እመርጣለሁ፣ ዘይት ያለበት ርካሽ ፍሬን ሃይለኛ ብርድ ላይ ዘይቱ ይወፍርና ይዘገያል፣ የሽቦውን ደግሞ በቪዲዮ እያየሁ አስተካክልልሻለሁ። ሽቦውም ጠላት አለው፣ ስኖው የለበሰ ሳይክል ሞቃት ቤት ስታስገቢ ይቀልጥና ውሃው ሽፋኑ ውስጥ ይገባል፣ ጠዋት ስትወጪ እዚያው ይረጋል፣ እጀታው አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ከመግባትሽ በፊት አራግፊው፣ ጠዋት ከመውጣትሽ በፊት ፍሬኑን ሞክሪው። በየቀኑ። ረስቼው ነበር እንዳትይኝ።

ነፋሱን በተመለከተ፣ ስኖው ላይ ከ5 እስከ 8 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ይበቃል፣ አስፋልት ላይ ትንሽ ጨምሪ። ቤት ውስጥ 8 ሞልተሽ ውጭው ከዜሮ በታች 10 ከሆነ ከ6 በታች ይወርድብሻል፣ ብርድ አየሩን ያሳንሰዋል፣ ካላማዳሪያው ተበስቷል ብለሽ እንዳትደነግጪ። ተራ ፖምፓ እንዲህ ዝቅ ያለውን በትክክል ስለማያነብ ለዝቅተኛ ነፋስ የተሰራ መለኪያ ግዢ፣ ውድ አይደለም። ፔዳሉ ብርድ ላይ ባዶውን ቢዞርብሽም የኋላው ሀብ ግራሶ ደርቆ ነው፣ ቀጭን ግራሶ ይቀቡልሽ። ከጨው መንገድ ስትመለሺ ካቴናውን ጥረጊና ዘይት ቀቢው፣ ጨው በአንድ ሳምንት ያዝገዋል።

መብራት ከፊትም ከኋላም፣ ባትሪው ብርድ ላይ ቶሎ ስለሚያልቅ ሁለተኛ ያዢ። ጓንት እንዳትረሺ፣ የደነዘዘ ጣት ፍሬን አይጨብጥም። ሄልሜቱን ወንድምሽ ይገዛልሻል፣ ተነጋግረናል፣ እንዳትከራከሪው።

ብሩን ከመስጠትሽ በፊት ፎቶ ላኪልኝ፣ የሳይክሉን ሙሉ ፎቶ ሳይሆን የሁለቱንም ፍሬን በቅርብ፣ ሽቦው ከእጀታው የሚወጣበትን ቦታና የጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ቁጥር። ሌሊትም ቢሆን ላኪ፣ ስልኩን አጠገቤ አድርጌ ነው የምተኛው።

አባትሽ