በውስጥ መስመር ስለሚላክላችሁ «መድኃኒት»

ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች የምታሳድጉ ውድ የደሴና የኮምቦልቻ እናቶችና አባቶች፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ሰሞኑን «ኦቲዝምን ይፈውሳል» የሚል የጠብታ ማስታወቂያ በውስጥ መስመር እየተላከ ነው። እባካችሁ አትግዙ። ኦቲዝምን የሚያድን መድኃኒት የለም። በዚህ ስም ከሚሸጡት አንዱ፣ ክሎሪን ዳይኦክሳይድ የሚባለው፣ ማንጫ ኬሚካል ነው፤ የልጅ አንጀት ይጎዳል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ኦቲዝም ያለ የእድገት ችግር ላለባቸው ልጆች ወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠና ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል፤ በአገራችንም ተሞክሯል። እንግሊዝኛው ለሚከብዳችሁ በድምፅ እያስረዳን እንልካለን።

በቡድናችን ውስጥ አንዲት የኮምቦልቻ እናት ልጇ የባጃጅ ጡሩምባ ሲሰማ ጆሮውን ይዞ መሬት ላይ እንደሚተኛ ስትጽፍ፣ ከደሴ «በውስጥ ለውስጥ መንገድ ውሰጂው፣ ጆሮ መሸፈኛም ያዢለት» ያሏት ወላጆች እግዜር ይስጣቸው። እንዲህ ያለውን ሌሊትም ቢሆን ጻፉ። ልጆቻችሁ ሲረበሹ የተቀረጸ፣ ፊታቸው የሚታይበት ቪዲዮ ግን አትልቀቁ፤ በጽሑፍ ብትነግሩን ይበቃናል።