የማርሷን ንብ ረሳችኋት

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ ማርሷ ሄሊኮፕተር ኢንጀኑዊቲ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ድምጿን ግን ዘለላችሁት፤ ለእኔ ደግሞ ዋናው እሱ ነው! ሚያዝያ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በአራተኛ በረራዋ ላይ፣ ፐርሲቪራንስ የተባለችው ሮቨር (ማርስ ላይ የምትዘዋወር ሮቦት ተሽከርካሪ) 80 ሜትር ርቃ ቆማ ቀድታዋለች። የሄሊኮፕተሯ ክንፎች በደቂቃ 2,537 ጊዜ ይሽከረከሩ ነበር። የሚሰማው ግን ጆሮ የሚያደነቁር ጩኸት አይደለም። ጠርሙስ ውስጥ የገባች ንብ በሉት፣ ያውም በነፋስ መሃል። የማርስ አየር በጣም ስስ ነው፤ ጥግግቱ ከምድር አየር 1 በመቶ ገደማ ቢሆን ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ደግሞ ቀጭኑን ድምፅ ይውጠዋል፤ የሚተርፈው ወፍራሙ ነው። ቅጂውን በጆሮ ማዳመጫ ስሙት። በስልክ ስፒከር ከሞከራችሁትማ እምብዛም አይሰማችሁም።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ